ልብ በሉ

ሰኞ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ አዮዋ፣ በጥር፣
መስኮቱ በበረዶ ግማሹ ድረስ ሲታጠር፣
ሚስተር ሆክስትራ ባልዲውን ጠረጴዛ ላይ አኖረና
«አንድ ለሁለት» አለን፣ ጓንቱን እየሳበ እንደገና።

ለእኔና ለዊልመር የደረሰችን ቁጥሯ ዐሥራ አራት፣
ከክንዴ ያጠረች፣ ዐይኗ ያልተገለጠ፣ ጠጉር ገና ያልበቀለላት፣
እትብቷ እንደ ክር ቋጠሮ ሆዷ ላይ የቀረላት።

እኔ የአሳማ አርቢ ልጅ ነኝ፤ አሳማ ዐውቃለሁ፤
መኖ ስንት እንደሚፈጅ፣ ስንት ሲመዝን እንደሚሸጥ፣
ሲያመው ጆሮው እንዴት እንደሚወድቅ፣ ሲፈራ እንዴት እንደሚያፈጥ።
ለካ አብሮ አድጎም
ሆዱን አለማወቅ አለ።

ዊልመር እግሮቿን በሲባጎ ከትሪው ጋር ሲያስር
ቋጠሮውን አላጠበቀውም፤ የሚያማት መስሎት ነበር።
እናቱ የሌሊት ፈረቃ ናት፣ ቄራው ውስጥ፣
ማሕፀን ከሆድ ዕቃ በሚለይበት ጠረጴዛ፤
ምናልባት ይህችንም ያወጣቻት እሷ ናት፣ በዚያ በነጭ ጓንቷ ይዛ።
እሱ አላነሣውም። እኔም አልጠየቅሁ። ሆድ ይፍጀው።
መቀሱን እኔ አነሣሁ፤ ቆዳውን እሱ ያዘው።

ጉበቷ የሰው ይመስላል፣ ብቻ ቅጠሉ በዛ ያለ፤
ጣፊያዋ ምላስ፣ ኩላሊቷ ባቄላ፣ ልክ መጽሐፉ ላይ እንደተሣለ።
ትልቁ አንጀት ግን ይለያል፤ የእኛው እንደ በር መቃን ዙሪያውን ይዞራል፣
የእሷ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ተጠቅልሎ አንድ ጥግ ያድራል።
ማሕፀኗም ባለ ሁለት ቀንድ፣ የእኛ አንድ ጓዳ፤
የእሷ ለብዙ የተሠራ፣ የእኛ ለአንድ እንግዳ።

«እንግዲህ ልብ በሉ!» አለ ሆክስትራ። ልብ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይላል፤
ሠላሳ ዓመት ያልሰለቸው ቀልድ፤ ራሱ ይሥቅበታል።
«አራት ክፍል ነው፤ የእኛና የእሷ ቢደባለቁ የማይለዩ።
ከላይ፣ በሁለቱ ታላላቅ የደም ሥሮች መካከል፣ ይቺን አጭር ድልድይ እዩ።
ያልተወለደ አይተነፍስም፤ ሳንባው ገና ያልተከፈተ ቤት፤
ደሙ በዚህ ያቋርጣል፤ ትንፋሽ የለም፣ ምን ብሎ ይግባበት?
በተወለደች ማግስት፣ ወይ በሳልስቱ፣ መተላለፊያው ይዘጋል፤
ክር ይሆናል፤ የሰውን ክር ከአሳማ ክር ማን ይለያል?»

የዊልመር ጣት ቆመ።
«የኔ አልተዘጋም ነበር» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ።
ሆዱን የከፈተልኝ ያን ጊዜ ነው፤ ያለ መቀስ።

ቶቶኒካፓን፣ ተራራው ላይ፣ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ፣
ትንሽ ሮጦ የሚቀመጥ ልጅ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ።
እናቱ ማታ ማታ ጆሮዋን ጀርባው ላይ ትለጥፍ ነበር፤
ውስጡ ወፍጮ አለ፣ ይፈጫል፣ ሌት ተቀን፣ ያለ እህል።
እዚህ መጥተው ሐኪም ዘጋው። ሸሚዙን ገለብ አደረገ፤
ከብብቱ ሥር ተነሥቶ ወደ ጀርባው ያረገ
ጠባሳ፣ የሲባጎ ውፍረት።
«ወፍጮው የቆመ ለት» አለኝ፣ «እናቴ እንቅልፍ አጣች፤
ጸጥታው አስፈራት፤ ስንቱን ሌሊት ጀርባዬን ስታዳምጥ አነጋች።»

ድልድዪቱን በቀይ ስፒል ወጋን፤ ስሟን በሐኪም ቋንቋ ጻፍን።
ዘጠና ሁለት ከመቶ ሰጠን፤ ሐሞቷን ፈልገን ስላጣን።

ማታ ጋጣ ወረድሁ። እናቲቱ ስድስተኛዋን እየጣለች ደረስሁ።
እርጥብ ናት፣ ገላዋ ይጨሳል፤ በጆንያ ጠረግኋትና
ጆሮዬን ጎኗ ላይ ለጠፍሁ፤ በአሳማ መካከል አድጌ፣ ዛሬ ገና።
ትክ ትክ ትክ ይላል፣ ጥድፊያ ነው። ከሥሩ ደግሞ የሆነ ነገር፤
ወፍጮ ይሁን፣ ነፋስ ይሁን፣ የገዛ ጆሮዬ ደም፣ ልለየው ስታገል ነበር፣
አባቴ ከወዲያ ጮኸ፤
«ብርዱ እየገባ ነው! በሩን ዝጊው እንጂ!»

«ቆይ» አልሁት።
«ትንሽ ቆይ። እየዘጋች ነው።»